ቁጥር የሌለው የቁስለኛ ባጅ፦ መርፌው፣ ማጠፊያውና መንጠቆው ስለ ሠሪው ምን ይነግሩናል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ፍራንክፈርት የሚኖሩ አንድ አንባቢ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን የቁስለኛ ባጅ (በጦርነት ለቆሰለ ይሰጥ የነበረ) ገዝተዋል። የብር ደረጃው ነው ተብለው የገዙት ቢሆንም መልኩ ዛሬ አመድማ ሆኗል። ጀርባው ድፍንና ዝርግ ነው፤ 24 ግራም ይመዝናል፤ የአምራች ቁጥር የለበትም። መርፌው የሚታጠፍበት ማጠፊያ በአንዲት ክብ ጎድጓዳ መቀመጫ ውስጥ ገብቶ ዝጓል። መርፌው ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው። የመርፌውን ጫፍ የሚይዘው መንጠቆ ከክብ ሽቦ የተጠማዘዘ ሲሆን ዙሪያውን የብየዳ እርሳስ ተንጠባጥቦበታል። ሻጩ «መንጠቆው ብቻ ይበቃል፤ የሽታይንሃወር እና ሉክ ሥራ ነው» ብሏቸዋል፤ ስሙ የአንድ የጀርመን ባጅ ፋብሪካ ነው። ጠያቂያችን ታዲያ «በእርግጥ መንጠቆ አይቶ ሠሪውን ማወቅ ይቻላል? የእኔስ የማን ሥራ ነው?» ይላሉ።

መልሱን ላስቀድም። የጀርባው ዕቃ ሠሪውን የሚጠቁምበት ጊዜ አለ፤ የሻጩ ማስረጃ ግን በእርስዎ ባጅ ላይ አይሠራም። እንደ ገለጹት ከሆነ ሻጩ በምስክርነት የጠራው መንጠቆ ራሱ ከፋብሪካው ከባጁ ጋር የወጣ አይመስልም። ከሦስቱ ክፍሎች ለምስክርነት የሚበቃው ማንም ያላየልዎት ያ የዛገ ማጠፊያ፣ በተለይም የተቀመጠባት ጎድጓዳ ናት። ምክንያቱን ላብራራ፤ ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ባጁን መጀመሪያ ያቋቋሙት ቄሣር ቪልሄልም ዳግማዊ ናቸው፤ መጋቢት 3 ቀን 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት። ደረጃው ሦስት ነበር፦ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለቆሰለ ጥቁር፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ለቆሰለ ብር፣ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለቆሰለ ወርቅ። እጁን፣ እግሩን ወይም ዓይኑን ያጣ ወታደር የቁስሉ ብዛት ሳይቆጠር ብሩን ያገኝ ነበር። በመካከሉ የብረት ቆብ፣ ከኋላው ሁለት የተጣመሩ ሰይፎች፣ ዙሪያውን የሎረል ቅጠል ጉንጉን አለ። በግንቦት 1939 ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ለተመለሱት ጀርመኖች በአሮጌው ቆብ ላይ ስዋስቲካ ተጨምሮ ወጣ። መስከረም 1 ቀን 1939፣ ፖላንድ በተወረረችበት ዕለት፣ አዲሱን የ1935 ቆብ የያዘው ዓይነት ታወጀ። ከ1943 ጀምሮ በአየር ድብደባ የቆሰሉ ሲቪሎችም ይሰጣቸው ጀመር። የእርስዎ ባጅ የ1935ቱን ቆብ ከያዘው ከዚህ ከመጨረሻው ዓይነት ነው።

ጥቁሩ ከስስ ቆርቆሮ ተመትቶ ጀርባው ጎድጓዳ ሆኖ ይቀራል። ብሩና ወርቁ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ናቸው። በጦርነቱ መጀመሪያ የሚሠሩት ከናስ ወይም ቶምባክ ከሚባለው መዳብ ከሚበዛበት ቅይጥ ነበር። መዳብ ለጥይት ቀለህ ሲፈለግ ግን የባጅ ሠሪዎች ወደ ዚንክ ዞሩ። የጀርባው ዕቃ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ለውጥ ታሪክ ነው።

በጀርባው ላይ ያሉትን ነገሮች በሁለት ይክፈሏቸው፦ ተገዝተው የተጨመሩ እና ከባጁ ጋር አብረው የተወለዱ። መርፌውና የመንጠቆው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ሽቦ ሽቦ ነው፤ አንዱ አቅራቢ ለአምስት ፋብሪካ ሊሸጠው ይችላል። የካፖርት ቁልፍ አይቶ ልብስ ሰፊውን መለየት እንደማይቻል ሁሉ መንጠቆ ብቻውን አይቶ ባጅ ሠሪ መጥራት አይቻልም። ስለ ቁልፍ ካነሳን ደግሞ ሽታይንሃወር እና ሉክ የሚገኝበት ሉደንሻይድ ከተማ በቁልፍ ምርት የታወቀ ነው። ቪልሄልም ዶይመር፣ አስማን፣ ፉንከ እና ብሩኒንግሃውስ፣ ሌሎችም የኒሻንና የባጅ ፋብሪካዎች በዚያችው ትንሽ ከተማ ውስጥ ጎረቤታሞች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቦታ ትናንሽ ዕቃዎች፣ ሠራተኞችና የአሠራር ዘዴዎች ከግቢ ወደ ግቢ ይዘዋወራሉ። ስለዚህ ክብ ሽቦ ያለው መንጠቆ ሽታይንሃወር ላይ መታየቱ ዶይመር ላይ እንዳይታይ አይከለክልም። ሻጮች ይህን ዘዴ የሚወዱት ቁጥር የሌለውን ባጅ ስም ሰጥቶ ዋጋውን ከፍ ስለሚያደርግላቸው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ወገን ግን ሌላ ነው። በማተሚያው ብረት ውስጥ አስቀድሞ የተቀረጸ ጎድጓዳ፣ ከባጁ ገላ ጋር አብሮ የወጣ ጉብታ፣ ማጠፊያውን ለማቀፍ የተዘጋጀ ጠርዝ፤ እነዚህ ከገበያ አይገዙም። መሣሪያውን ያዘጋጀው ፋብሪካ ውሳኔ ናቸው። ማተሚያ ብረት የምለው ምስሉ ተገልብጦ የተቀረጸበትን፣ በከባድ መምቻ ብረታ ብረቱ ላይ የሚያርፈውን ጠንካራ ብረት ነው። ድፍን ባጅ ሁለት ማተሚያ አለው፤ አንዱ ለፊቱ፣ አንዱ ለጀርባው። የጀርባውን ማተሚያ ማንም ልብ አይለውም፤ ምስል የለውምና። መለያው የሚደበቀው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ጎድጓዳው ለምን አስፈለገ? ጥፋቱ የዚንክ ነው። ናስና ቶምባክ ለብየዳ የተመቹ ናቸው። የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ የሆነው የተለመደው መበየጃ በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጥና ናሱን በደንብ ይይዛል፤ ናሱም ሙቀቱ አያስጨንቀውም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ባጆች ጀርባ ንጹሕ ነው፦ ማጠፊያው በስስ መደብ ላይ፣ መንጠቆውም በስስ መደብ ላይ ተበይዶ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድነት በብር ወይም በወርቅ ቅብ ውስጥ ያልፋል። ዚንክ ግን ፊቱ ቶሎ በኦክሳይድ ይሸፈናል፤ መበየጃው አይጨብጠውም። ጠንካራ አሲድ ነክ ፈሳሽ ተቀብቶ ቢጨብጠው እንኳ ዚንኩ ቀስ እያለ ወደ መበየጃው ይሟሟና መጋጠሚያውን ተሰባሪ ያደርገዋል። ራሱ ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ሙቀት እየጨመሩ ማስገደድም አደጋ አለው። ወታደሩ ባጁን በግራ ደረቱ ላይ ዘወትር ይሰካዋል፣ ይነቅለዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መንጠቆው እጁ ላይ ይቀራል።

ፋብሪካዎቹ ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ የተለያየ ነበር፤ የእኛም ዕድል ይህ ልዩነት ነው። አንዳንዱ በብየዳው ጸና፤ ግን ሰፊ መደብ ከሥር አኖረ። አንዳንዱ የማጠፊያውን እግር በጎድጓዳ ውስጥ አስቀምጦ የጎድጓዳውን ጠርዝ በመምታት ዚንኩ እግሩን እንዲያቅፈው አደረገ፤ እዚህ ላይ እርሳስ የሚባል ነገር የለም። አንዳንዱ ደግሞ ጉብታውን ከባጁ ገላ ጋር አብሮ አወጣና መርፌውን በእሱ ላይ ሰካ። የጎድጓዳው ቅርጽ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ስፋቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ጠርዙ ዙሪያውን ተመትቷል ወይስ በሁለት ጎን ብቻ? የመምቻው ጫፍ ዚንኩ ላይ ምን ዓይነት ጠባሳ ትቷል? እነዚህን ጥያቄዎች ቁጥር ካለው ባጅ ጋር አነጻጽሮ መመለስ ይቻላል። ስለ መንጠቆ ሽቦ ውፍረት ከመከራከር ይህ ይሻላል።

ስለ ጥቁሩ ብዙ አልልም፤ ጥያቄዎ ስለ እሱ አይደለም። በስስ ቆርቆሮው ላይ ማጠፊያና መንጠቆ በቀጥታ ይበየዳሉ፣ ከዚያ ሁሉም ጥቁር ቀለም ይቀባል። በጎድጓዳው ጀርባ የፊቱ ምስል ተገልብጦ ስለሚታይ ሠሪውን በጀርባ ለማወቅ ከመርፌው ይልቅ ያንን የተገለበጠ ምስል መመርመር ያዋጣል። በጥቁር ባጅ ላይ ብልጭ የሚል፣ ቀለም ያልነካው ብየዳ ካዩ ከፋብሪካው በኋላ አንድ ሰው እንደ ነካው ይጠርጥሩ።

አሁን ወደ እርስዎ ባጅ እንመለስ። ደጋግሜ ያነበብኩት ማጠፊያው ዝጎ መርፌው ያብረቀርቃል ያሉትን ነው። ሁለቱ ከአንድ ቀን ጀምሮ አብረው የኖሩ ከሆነ፣ በአንድ ኪስ፣ በአንድ መሳቢያ፣ በአንድ እርጥበት ውስጥ ሰማንያ ዓመት አልፈዋል። ማጠፊያው ብረት ሆኖ ሲዝግ መርፌው ብሩህ ሆኖ የሚቀርበት መንገድ ጠባብ ነው፦ መርፌው ከናስ ወይም ከሌላ የማይዝግ ነገር ተሠርቶ ይሆናል፤ አለዚያም ኋላ የገባ ነው። ማግኔት ያስጠጉለት። ከሳበው ብረት ነው፤ ብረት ሆኖ በዛገ ማጠፊያ ውስጥ ብሩህ ከሆነ ደግሞ ከማጠፊያው ጋር አላረጀም። ወፍራም መሆኑም ጥርጣሬዬን ያጠነክራል፤ ጠጋኝ እጁ ላይ የተገኘውን ሽቦ ነው የሚያስገባው። ማጠፊያው ውስጥ መርፌው የተጠቀለለበትን ቦታ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ዝገቱ ሳይሰበር መርፌውን ከቦ ከያዘ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ መርፌው በገባበት በኩል ዝገቱ ተፍቆ ወይም ተሰንጥቆ ከታየ ግን ነገሩ አለቀ።

ቀጥሎ መንጠቆው። ተንጠባጥቧል ያሉት እርሳስ በቅቡ ላይ ነው ወይስ ከቅቡ ሥር? የሥራውን ቅደም ተከተል የሚነግረን ይህ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የተለመደው አሠራር መጀመሪያ ዕቃዎቹን ማያያዝ፣ ከዚያ ባጁን ቀለም ወይም ቅብ ማልበስ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ ብየዳ እንደ ቀረው ጀርባ ቅብ ለብሶ ይገኛል፤ ቅቡ ረግፎም ቢሆን በብየዳው ጥግና እጥፋት ውስጥ ቅሪቱ አይጠፋም። እርሳሱ በአመድማው ጀርባ ላይ እንደ ጤዛ ተቀምጦ፣ ከሥሩ ቅቡ ገብቶ የሚታይ ከሆነ መንጠቆው የተበየደው ባጁ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነው። እርሳሱ ራሱ እርጅናው እንዴት ነው የሚለውም ይታይ፤ አሮጌ እርሳስ ጥቁር ግራጫ ይሆናል፣ ቶሎ አያብለጨልጭም።

ከሁሉ የምጠብቀው ግን ከእርሳሱ ሥር ያለውን ነው። ማጠፊያው በክብ ጎድጓዳ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ያንን የጀርባ ማተሚያ ያዘጋጀ ፋብሪካ ለመንጠቆው ጎድጓዳ ሳያዘጋጅ ቀረ ማለት ያስቸግራል። አንዱን ጫፍ በእቅፍ አስሮ ሌላውን በማይጨብጥ እርሳስ ላይ መተው ምን ትርጉም አለው? የእርሳሱን ጠርዝ በጎን ብርሃን ይመልከቱት። የክብ ጠርዝ ጫፍ በአንድ በኩል ብቅ ካለ፣ ወይም እርሳሱ መሐሉ ላይ ስምጥ ብሎ ጉድጓድ እንደ ሞላ ከታየ፣ የመጀመሪያው መንጠቆ ከመቀመጫው ወጥቶ ጠፍቷል፤ ጠጋኙ ባዶውን ጎድጓዳ በእርሳስ ሞልቶ አዲስ ሽቦ ተክሎበታል። ያን ጊዜ የሻጩ «ሽታይንሃወር» አንድ ያልታወቀ ጠጋኝ ነው። ይህ ጠጋኝ ወታደሩ ራሱ፣ የክፍሉ ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ወይም ባለፈው ዓመት ለገበያ ያዘጋጀው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። በጦርነቱ ጊዜ የተደረገ ጥገና ባጁን አያረክሰውም፤ ለእኔ እንዲያውም በደረት ላይ ውሎ ያደረ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ነው። ሆኖም ሠሪን ለመለየት አይረዳም።

ከተጨመሩት ዕቃዎች እንኳ አንድ ነገር መጠቀም ይቻላል፤ እሱም ርቀት ነው። ሠራተኛዋ በቀን ብዙ ባጅ ስትበይድ ማጠፊያውና መንጠቆው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲያርፉ የሚያደርግ መያዣ ከፊቷ ይኖራል። ሽቦው ከውጭ ቢገዛም መያዣው የቤቱ ነው። በቁስለኛ ባጅ መርፌው ከላይ ወደ ታች ይቆማል፤ ማጠፊያው ላይ፣ መንጠቆው ታች። ከማጠፊያው መሐል እስከ መንጠቆው መሐል ያለውን ርቀት፣ ሁለቱም ከጉንጉኑ ጫፍ ያላቸውን ርቀት፣ የመንጠቆው አፍ ወደ የትኛው ጎን እንደሚከፈት ይመዝግቡ። ቁጥር ካላቸው ከአንድ ፋብሪካ ባጆች ጋር እነዚህ ልኮች በተደጋጋሚ ከተገጣጠሙ ሽቦው ብቻውን ያልነገረን ነገር ይገኛል። በእርስዎ ባጅ ላይ ግን የሚለካው ማጠፊያው ከጠርዙ ያለው ርቀት ብቻ ነው፤ መንጠቆው ተተክቷል ብለን ጠርጥረናልና። ጎድጓዳው ከእርሳሱ ሥር ብቅ ካለ ግን የእሱን መሐል ለመለኪያ ይጠቀሙበት።

ስለ ቁጥሮቹ ብዙ ሰው ስለሚሰናከል ማለፍ አልፈልግም። ሁለት ዓይነት ቁጥሮች አሉ፤ በባጅ ገበያ ውስጥ ይደባለቃሉ። አንደኛው መንግሥት ለሚሸልማቸው ባጆች የፕሬዚዳንታዊው ጽሕፈት ቤት ለፋብሪካዎች የሰጠው፣ ከፊቱ ፊደል የሌለበት ቁጥር ነው። ሁለተኛው ከፊቱ ኤል (L) ፊደል ያለበት ነው። የሽልማት ወረቀቱን ይዞ ተጨማሪ ባጅ ለሚገዛ ወታደር በሱቅ ለሚሸጡት የኒሻን ሠሪዎች ማኅበር የሰጠው ቁጥር ነው። የአንድ ፋብሪካ ሁለቱ ቁጥሮች አይመሳሰሉም። ሽታይንሃወር እና ሉክ በመጀመሪያው 4፣ በሁለተኛው ኤል/16 ነው። ቪልሄልም ዶይመር 3 እና ኤል/11፣ የሙኒኩ ዴሽለር 1 እና ኤል/10፣ የኢዳር ኦበርሽታይኑ ክላይን እና ክዌንዘር 65 እና ኤል/26 ናቸው። ፊደል የሌለበትን 10 አይቶ ዴሽለር የሚል ሰው ይሳሳታል፤ 10 የፕፎርትስሃይሙ ፎርስተር እና ባርት ነው። በወርቅና በብር ባጆች ላይ ደጋግመው ከሚታዩት 30 የቪየና ዋና ሳንቲም ማምረቻ፣ 107 የሃምቡርጉ ካርል ቪልድ ነው። ቁጥር መኖሩም ብቻውን አያስተማምን። ቁጥሩ የተመታበት ጉድጓድ ውስጡ ብሩህ ሆኖ ዙሪያው ያረጀ ከሆነ፣ ወይም ጠርዙ ቅቡን ሰብሮ የወጣ ከሆነ ቁጥሩ በቅርቡ የተመታ ነው። ቁጥር ሳይኖረው በፋብሪካ የወጣ ባጅ ግን ብዙ ስለሆነ የእርስዎ ቁጥር አልባ መሆን አያስደንቅም።

ጀርባውን ከጨረሱ በኋላ ወደ ፊቱ ይዙሩ፤ ዋናውን ውሳኔ የሚሰጠው እሱ ነው። ማተሚያ ብረት ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ የሚገባው ብረታ ብረት በባጁ ላይ ቀጭን ከፍ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። በቆቡና በጉንጉኑ መካከል ያለው ሜዳ በትናንሽ ነጠብጣብ ተሸፍኗል። አንድ ነጠብጣብ ከሌላው ጋር የተጣበቀበት፣ አንዱ የሰይፍ እጀታ ከሌላው የሰፋበት፣ በጉንጉኑ ታች ያለው ሪባን እጥፋት የተለየበት ቦታ ይፈለግ። ቁጥር ያለው ባጅና ቁጥር የሌለው ባጅ ይህን ዓይነት ጉድለት ከተጋሩ ከአንድ ማተሚያ ወጥተዋል። እዚህ ላይ ደግሞ የማጠፊያው ጎድጓዳ ከገጠመ፣ ሁለት ያልተመካከሩ ምስክሮች አንድ ስም ጠሩ ማለት ነው፤ ያኔ የሠሪውን ስም በእርግጠኝነት እጽፋለሁ። የፊቱ ጉድለት ብቻ ቢገጥም ግን ቆም እላለሁ። ከእውነተኛ ባጅ ላይ ቅርጽ ወስዶ ቀልጦ የተፈሰሰ ሐሰተኛ ባጅ የእውነተኛውን ጉድለት ሁሉ ይወርሳል። እንዲህ ያለው ግን የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚሸማቀቅ ከእናቱ ጥቂት ያንሳል፤ መስመሮቹም የተላሱ ይመስላሉ። ስለዚህ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ይኑርዎት።

ሽታይንሃወርን በተመለከተ ጥንቃቄ የሚጨምር ነገር አለ። ፋብሪካው ከጦርነቱ በኋላም ሥራውን ቀጥሏል። የምዕራብ ጀርመን ሕግ በሐምሌ 26 ቀን 1957 የጦርነቱ ጊዜ ኒሻኖች ስዋስቲካ ሳይኖራቸው ብቻ እንዲለበሱ ፈቀደ፤ የቁስለኛው ባጅም ቆቡ ባዶ ሆኖ እንደገና ተመረተ፤ ሽታይንሃወር ከአምራቾቹ አንዱ ነበር። የቪየናው ሩዶልፍ ሱቫልም ከጦርነቱ በኋላ ለሰብሳቢዎች ማምረቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ «ይህ የሽታይንሃወር መንጠቆ ነው» የሚለው አባባል ልክ ቢሆን እንኳ ዕቃው የ1943 ነው ወይስ የ1960 የሚለውን ጥያቄ ገና ክፍት አድርጎ ይተወዋል። አንዳንድ ሰዎች የፋብሪካ ስም ማግኘትን እንደ እውነተኛነት ማረጋገጫ ይይዙታል፤ ይህ አስተሳሰብ ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል።

የባጁን ገላ ለማረጋገጥ ደግሞ ምንም ሳይጎዱ በቤትዎ የሚያደርጉት ነገር አለ። ባጁን በቀጭን ክር አንጠልጥለው በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይመዝኑት፤ ከዚያ በብርጭቆ የተጣራ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጎኑን ሳይነካ እንዳለ እንደገና ይመዝኑት። 24 ግራም ሆኖ በውሃ ውስጥ ክብደቱ በ3.4 ግራም ገደማ ከቀነሰ ዚንክ ነው። በ2.8 ገደማ ብቻ ከቀነሰ ናስ ወይም ቶምባክ ነው፤ ያኔ ስለ ዚንክ የተናገርኩትን ሁሉ እንደገና ማየት አለብን። ብረት የሆኑት ማጠፊያና መርፌ ቁጥሩን ጥቂት ያዛንፉታል እንጂ ሁለቱን አያምታቱም። እንደ ጨረሱ ወዲያው ያድርቁት፤ በተለይ ማጠፊያውን። አመድማ መልኩ አያስደንግጥዎት። በዚንክ ላይ የተለበጠ ስስ ብር በዓመታት ውስጥ ወደ ዚንኩ እየሰረገ ይጠፋል፤ የጦርነቱ የመጨረሻ ዓመታት ባጆች ሲገኙ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ብሩን «ለመመለስ» በማጽጃ ማሸት ግን ፈጽሞ አያስቡ። የቀረውን ቅብ፣ በብየዳው ጥግ ያለውን ማስረጃና የባጁን ዋጋ አብሮ ይጠርገዋል።

ፎቶ ሲልኩ በቆቡ ላይ ያለውን ስዋስቲካ በወረቀት ይሸፍኑ። ጀርመን ውስጥ ይህን ምልክት በአደባባይ ማሳየትና ማሰራጨት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86ሀ ያስጠይቃል፤ ለምርምርና ለታሪክ ትምህርት የተለየ ቦታ ቢሰጠውም፣ በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ሰው ለአንድ ባጅ ብሎ ከፖሊስ ጋር መከራከር የለበትም። በገበያው ላይ ሻጮች ምልክቱን በትንሽ ወረቀት ሲሸፍኑ ያዩት ለዚህ ነው። እኔም ከፊቱ የምፈልገው ነጠብጣቡን፣ ሰይፎቹንና ሪባኑን ነው።

እንግዲህ ዛሬ በእጄ ባለው መግለጫ የምፈርደው ይህን ያህል ነው። ባጁ የጦርነቱ የመጨረሻ ዓመታት የዚንክ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ማጠፊያው የፋብሪካ ይመስላል፤ መርፌውና መንጠቆው የተተኩ ይመስላሉ፤ የሽታይንሃወር እና ሉክ ስም ምንም መሠረት የለውም። ሻጩ በዚያ ስም የተነሳ ዋጋ ጨምሮብዎት ከሆነ፣ ቁጥር አልባና የተጠገነ ባጅ ከሚያወጣው ጋር አነጻጽረው ሊያነጋግሩት መብትዎ ነው። ሁለት ፎቶዎች ይላኩልኝ፤ አንደኛው የማጠፊያውን መቀመጫ ከቀጥታ ላይ፣ ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ ከጎኑ ተቀምጦ፤ ሁለተኛው መንጠቆውን ከጎን፣ አንድ መብራት ብቻ ዝቅ ብሎ ከግራ እያበራ። የእርሳሱን ጠርዝ በቢላ ለመፋቅ አይሞክሩ። ጎድጓዳው ካለ ጥላው ያሳየዋል።